ኡኡታ በባሕር ላይ

ከአርሲዎቹ የጭላሎ፣ የገለማና የካካ ተራሮች የሚወርደው ውሃ አብዛኛው ባሕር አይደርስም። ወደ ምዕራብ የሚወርደው በከታር ወንዝ አድርጎ ዝዋይ ሐይቅ ይገባል፤ ከዝዋይ የሚተርፈውን ቡልቡላ ተቀብሎ አብያታ ያደርሰዋል፤ እዚያው ያበቃል። ወደ ሰሜን የሚፈሰው ከአዋሽ ጋር ሄዶ አፋር ምድር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። የዋቢ ሸበሌ ውሃ ከሁሉም ሩቅ ይጓዛል። ኦጋዴንን አቋርጦ ሶማሊያ ይገባል፤ ሞቃዲሾ አካባቢ ሲደርስ ከውቅያኖሱ ሊገናኝ ጥቂት ይቀረዋል። ከዚያ ግን ወደ ደቡብ ይታጠፍና በአብዛኞቹ ዓመታት ረግረግና አሸዋ ውጦት ይቀራል።

ልጆቹ ግን ይደርሳሉ።

ከአሰላ፣ ከኢተያ፣ ከሁሩታ፣ ከበቆጂ የሚነሱ ወጣቶች ገሚሶቹ በጅቡቲ በኩል ኦቦክ ወርደው ወደ የመን ይሻገራሉ፤ ገሚሶቹ በሱዳንና በሊቢያ አድርገው ሜዲትራኒያን ዳር ይቆማሉ። ደላላው ስለ መንገዱ ብዙ ያወራል፤ ስለ ውሃው ግን የሚነግራቸው ጥቂት ነው። ስንዴና ገብስ አጭደው ላደጉ የደጋ ልጆች የሚያውቁት ትልቁ ውሃ ዝዋይ ነው፤ የሚፈሩት ውሃ ደግሞ በክረምት የሚሞላው ከታር ነው። ስለዚህ ሰው ባሕር ላይ እንዴት እንደሚጠፋ፣ ከጠፋም በኋላ እንዴት እንደሚገኝ ማወቅ ለአርሲ ቤተሰብ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ነገሩን በደንብ የሚያስረዳው ታሪክ ግን የተፈጸመው ከአርሲ እጅግ ርቆ ነው።

በ1989 ዓ.ም. የገና ዋዜማ፣ አሰላ ውስጥ ዶሮ ሲበለትና ጠላ ሲጠመቅ፣ ቶኒ ቡሊሞር የተባለ የ57 ዓመት እንግሊዛዊ በተገለበጠ ጀልባ ሆድ ውስጥ በጨለማ ተቀምጦ ነበር። ከፈረንሳይ ተነስቶ፣ ብቻውን፣ የትም ሳያርፍና የማንንም እርዳታ ሳይቀበል ዓለምን በሸራ ጀልባ በሚዞርበት ቫንዴ ግሎብ በተባለው ውድድር ላይ ነበር። ከአውስትራሊያ ደቡብ ምዕራብ፣ ከማንኛውም ወደብ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ሳለ፣ ታኅሣሥ 27 ቀን ጀልባው ተገለበጠ።

ትልቅ የሸራ ጀልባ ከሆዱ በታች ወደ ውሃው ዘልቆ የሚወርድ ከባድ ክንፍ አለው። ነፋስ ሸራውን ገፍቶ ጀልባውን ሲያጋድለው መልሶ የሚያቆመው የዚህ ክንፍ ክብደት ነው። የቡሊሞር ጀልባ ክንፍ በማዕበል ተሰብሮ ሄደ፤ 18 ሜትር ርዝመት ያለው ጀልባም በሰከንዶች ውስጥ ዞረ። ጣሪያው ወለል፣ ወለሉ ጣሪያ ሆነ።

አንድ መስኮት ተሰብሮ የውቅያኖሱ ውሃ በዚያ በኩል እየገባ እየወጣ ያለውን ዕቃ ሁሉ ጠርጎ ወሰደው። አንድ በር ተወርውሮ ሲዘጋ የቡሊሞርን የአንድ ጣት ጫፍ ቆርጦ ጣለው። ጀልባው ግን አልሰጠመም። እንዲህ ያሉ ጀልባዎች ውስጣቸው ውሃ በማያሳልፍ ግድግዳ ይከፋፈላል፤ አንዱ ክፍል ቢሞላ ሌላው አየር ይዞ ያንሳፍፋል። ሰውየው ከውሃው በላይ በቀረች ጠባብ መደርደሪያ ላይ ወጥቶ ተኮራመተ። ውሃው በረዶ ሊሆን የቀረበ ነበር። ጥቂት ቸኮሌትና ጥቂት የሚጠጣ ውሃ ነበረው፤ እስከ መቼ እንደሚያቆዩት ግን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ውጭ ቀን ይሁን ሌሊት፣ ሰው ይፈልገው ይሆን ወይስ ሁሉም ተስፋ ቆርጦ ይሆን፣ እዚያ ተቀምጦ ሊያውቅ አይችልም።

ይፈልጉት ነበር። ጀልባው ላይ የነበረው የአደጋ ምልክት አስተላላፊ መሥራት ጀምሮ ነበርና።

ይህ መሣሪያ ባይኖር ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ለመገመት ዝዋይን መስፈሪያ ማድረግ ይቻላል። አንድ ሞተር አልባ ጀልባ ነፋስና ሞገድ እየገፉት በሰዓት 2 ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይሞላ ይንሳፈፍ እንበል። በ24 ሰዓት ከነበረበት ቦታ 44 ኪሎ ሜትር ያህል ሊርቅ ይችላል። ወዴት አቅጣጫ እንደሄደ የማያውቅ ፈላጊ ታዲያ ከ6,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ማሰስ አለበት፤ ይህ 14 ዝዋይ ነው። ሁለት ቀን ካለፈ ስፋቱ በእጥፍ ሳይሆን በአራት እጥፍ ያድግና ከ50 ዝዋይ በላይ ይሆናል። ከአውሮፕላን ወደ ታች ለሚያይ ሰው፣ ማዕበል መካከል ያለ የሰው ራስ በሰፊ የስንዴ ማሳ ውስጥ እንደ ወደቀች አንዲት የባቄላ ፍሬ ነው። በፍለጋ ሥራ ውስጥ ሰዓት ማለት ስፋት ማለት የሆነው ለዚህ ነው።

ምልክት አስተላላፊው ያን ስፋት ያጠበዋል። በ406 ሜጋ ኸርትዝ ሞገድ የጀልባውን መለያ ቁጥር ወደ ሰማይ ይልካል፤ በላዩ የሚያልፍ ሳተላይት ይቀበለውና ወደ ምድር ጣቢያ ያወርደዋል፤ ከዚያም ለአካባቢው የነፍስ አድን ማዕከል ይደርሳል። የቦታ መለያ የሌለው አሮጌ መሣሪያ እንኳ ፍለጋውን ወደ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ያወርዳል፤ ያለው ደግሞ ወደ መቶ ሜትር ገደማ። ኮስፓስ ሳርሳት የሚባለው ይህ ሥርዓት የተወለደበት ዘመን ሊነገር ይገባዋል። በ1979 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አሜሪካ፣ ሶቪየት ኅብረት፣ ካናዳና ፈረንሳይ ተስማምተው አቋቋሙት። ሁለቱ ኃያላን ሚሳይል ደግነው በተፋጠጡበት ጊዜ፣ የማንም አገር ሰው ይሁን፣ ባሕር ላይ ቢጮህ ጩኸቱን አብረው ለመስማት ተፈራረሙ። በ1982 የመጀመሪያዎቹ የዳኑት በካናዳ ተራራማ አገር በትንሽ አውሮፕላን የወደቁ ሦስት ሰዎች ነበሩ። አገልግሎቱ ዛሬም ለተጠቃሚው በነጻ ነው።

የአውስትራሊያ አየር ኃይል አውሮፕላኖች በመሬት ላይ ካለ ማረፊያ ተነስተው ነዳጃቸው እስከሚፈቅድላቸው ድረስ እየተመላለሱ የቡሊሞርን ጀልባ አገኙት። የሚታየው ግን ሆዱ ወደ ሰማይ የዞረ ጀልባ ብቻ ነበር፤ በላዩ ላይ ሰው የለም። ቢሆንም ወደዚያ የተላከችው አደሌድ የተባለች የአውስትራሊያ የጦር መርከብ ጉዞዋን አላቆመችም። ጥር 1 ቀን፣ ገና ባለፈ በሁለተኛው ቀን ደረሰች። ከመርከቧ የወረደች ትንሽ የጎማ ጀልባ ተጠግታ ባሕረኞቹ የጀልባውን ሆድ ደበደቡት። ከውስጥ ድምፅ መለሰላቸው።

ቡሊሞር ትንፋሹን ስቦ ጨለማው ውሃ ውስጥ ጠለቀ፤ በገዛ ጀልባው ስር ዋኝቶ ከጎኑ ብቅ አለ። አራት ቀን ሙሉ ያላየው ብርሃን ነበር። ያቺው መርከብ በዚያው ዕለት ቲየሪ ዱቧ የተባለውን ሌላ ተወዳዳሪ በሄሊኮፕተር አንስታለች፤ ጀልባው እዚያው አካባቢ በዚያው ማዕበል ተገልብጦበት ነበር።

ወጪው በአውስትራሊያ አከራክሮ ነበር። በገዛ ፈቃዱ ወደ ማዕበል ለገባ ሰው የጦር መርከብ መላክ አለብን ወይ ያሉ ነበሩ። መልሱ በሕግም በልማድም የቆየ ነው። ኡኡታ ሲሰማ መጀመሪያ ይሮጣል፤ ጥፋቱ የማን ነው የሚለው ሰውየው ከደረቀ በኋላ ይጠየቃል። የአርሲ ገበሬ ይህን አስረጂ አይፈልግም። ከታር ሞልቶ ሰው ሲወስድ ከዳር ሆኖ የሚያይ ጎረቤት፣ ሰውየው ለምን በዚያ ሰዓት ሊሻገር ገባ ብሎ አይከራከርም፤ ገመድ ይፈልጋል።

በዚያው ውድድር ውስጥ የተፈጸሙ ሌሎች ሁለት ነገሮች ጉዳዩን ይበልጥ ያጠሩታል። ቡሊሞር ከመገልበጡ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ የራፋኤል ዲኔሊ ጀልባ በማዕበል ተሰብሮ ሰጠመ፤ አውሮፕላን የጣለለት ተንሳፋፊ ጎማ ላይ ወጣ። ለእርሱ ቅርብ የነበረው ተወዳዳሪው ፒት ጎስ ነው። ጎስ ማዕበሉን ከኋላው አድርጎ ወደፊት መሄድ ይችል ነበር፤ መሪውን አዞረና ነፋሱን ፊት ለፊት እየተጋፈጠ ወደ ኋላ ተመለሰ። ሁለት ቀን ፈጀበት፤ ዲኔሊን በሕይወት አገኘው። ጌሪ ሩፍ የተባለው ካናዳዊ ግን አልተገኘም። በገና ዕለት ገደማ ከጀልባው ይመጣ የነበረው ምልክት ተቋረጠ። ቢፈለግም የጀልባው ሆድ የታየው ከወራት በኋላ ቺሊ አቅራቢያ ነው። ሰው ለማዳን ቦታው መታወቅ አለበት፤ ቦታው ከታወቀ ደግሞ መሪውን የሚያዞር ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ከጎደለ ሌላው ብቻውን አይበቃም።

የሕንድ ውቅያኖስም ከቡሊሞር አደጋ ስድስት ሳምንት ቀደም ብሎ የኢትዮጵያን ሐዘን አይቷል። ኅዳር 14 ቀን 1989 የተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767 ነዳጁ አልቆ ኮሞሮስ ዳር ውሃ ላይ ሲያርፍ ካፒቴን ልዑል አባተ የመረጡት ቦታ ከሆቴል ፊት ለፊት፣ ሰው ካለበት ዳርቻ አጠገብ ነበር። ከ175ቱ ሰዎች 50 ተረፉ፤ 125 ሞቱ። ከሞቱት መካከል የሕይወት አድን ጃኬታቸውን አውሮፕላኑ ውስጥ እያሉ የነፉ ነበሩበት። የተነፋ ጃኬት ሰውን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ውሃ በሚሞላ ክፍል ውስጥ ደግሞ ላይ ማለት ጣሪያው ነው፤ ጠልቆ በበሩ መውጣት አይቻልም። ቡሊሞር የወጣው በመጥለቅ መሆኑን ከዚህ ጋር ማስተያየት ይቻላል። የተረፉትን ያወጡት በመዝናናት ላይ የነበሩ የሆቴሉ እንግዶችና ጀልባ ያላቸው የአገሩ ሰዎች ናቸው። ሳተላይት አላስፈለገም፤ ሁሉም በዓይኑ አይቶ ሮጠ።

መሪ የሚያዞር ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ለመረዳት መጋቢት 2003 ዓ.ም. ላይ መቆየት ግድ ነው። ይህ ታሪክ የኢትዮጵያውያን ነው።

መጋቢት 18 ቀን ሌሊት ከትሪፖሊ አንዲት የጎማ ጀልባ ተነሳች። ሊቢያ በጦርነት ላይ ነበረች፤ የኔቶ አውሮፕላኖችና መርከቦች ባሕሩን ሞልተውታል። ጀልባዋ ላይ 72 ሰዎች ነበሩ፤ 47ቱ ኢትዮጵያውያን፣ ሌሎቹ ናይጄሪያውያን፣ ኤርትራውያን፣ ጋናውያንና ሱዳናውያን። 20 ሴቶችና ሁለት ሕፃናት ነበሩባት። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ የፈረንሳይ አውሮፕላን ከላይ ፎቶ አነሳት። ነዳጇ እየተመናመነ ሲሄድ ከውስጧ በቱራያ የሳተላይት ስልክ ሮም ለሚኖሩት ኤርትራዊ ካህን ለአባ ሙሴ ዘርአይ ተደወለ። አባ ሙሴ ወዲያው ለጣሊያን የባሕር ዳርቻ ጠባቂ አሳወቁ። የሮም የነፍስ አድን ማዕከል ከስልኩ ኩባንያ ጠይቆ ቦታውን አወቀ፤ ሰሜን 33 ዲግሪ ከ58 ነጥብ 2 ደቂቃ፣ ምሥራቅ 12 ዲግሪ ከ55 ነጥብ 8 ደቂቃ። በሲሲሊ ሰርጥ ላለ መርከብ ሁሉ የድረሱልን መልእክት ተላለፈ፤ መልእክቱ በየአራት ሰዓቱ ለ10 ቀናት ተደገመ።

ቡሊሞርን ያዳነው ሥርዓት የሚጠይቀው ሁሉ ተሟልቶ ነበር። ጩኸቱ ተሰምቷል፣ ቦታው ታውቋል። የነበሩበት ስፍራ በዓለም ላይ ከማንኛውም ባሕር ይልቅ በዚያ ሳምንት ብዙ ዓይን ያለበት ነበር።

አንድ ሄሊኮፕተር መጣ። ውሃና ብስኩት በገመድ አውርዶ ሄደ፤ ተመልሶ አልመጣም። የጀልባዋ ነጂ እርዳታ መጥቷል፣ እኔን ደላላ ብለው ያስሩኛል ብሎ ኮምፓሱንና የሳተላይት ስልኩን ባሕር ጣላቸው። ይህ ሰው የሠራው ስህተት ከባድ ነው፤ ግን ሄሊኮፕተር አይቶ ተረፍን ብሎ የሚያስብን ሰው ማን ይወቅሰዋል? ነዳጁ አለቀ። ሞገዱ ወደ ሊቢያ ይመልሳቸው ጀመር።

የባሕር ውሃ በአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል ጨው አለው። ኩላሊት ያን ያህል ጨው ያለው ሽንት ማውጣት ስለማይችል፣ የጠጣ ሰው ጨዉን ለማስወገድ ከጠጣው በላይ ውሃ ከሰውነቱ ያጣል። ጥሙን ለመቁረጥ በጠጣ ቁጥር ይደርቃል፤ ቀጥሎም አእምሮው ይቃዣል። ከተረፉት አንዱ ሽንቱን እየጠጣና ሁለት ቱቦ የጥርስ ሳሙና እየላሰ እንደቆየ ተናግሯል። በየማለዳው የሞቱትን ለባሕር ይሰጡ ነበር። ከሳምንት በላይ ካለፈ በኋላ አንዲት ትልቅ የጦር መርከብ እጅግ ተጠጋቻቸው። ሕፃናቱ ሞተው ነበር፤ ሬሳቸውን ከፍ አድርገው አሳዩ፣ ባዶ የነዳጅ ጀሪካን አሳዩ። መርከቧ ላይ የነበሩት ሰዎች ፎቶ አነሷቸው። ከዚያ መርከቧ ሄደች።

ሚያዝያ 2 ቀን፣ ከተነሱ ከ14 ቀናት በኋላ፣ ሞገዱ ዝሊጠን ከተባለች የሊቢያ ከተማ ዳር ጣላቸው። 11 ሰዎች በሕይወት ነበሩ፤ አንዷ ሴት እንደ ደረሱ፣ ሌላው ሰው ከታሰሩ በኋላ ሞቱ። ዘጠኝ ቀሩ። 63ቱ አለቁ። በዚያ ጊዜ ኢትዮጵያ ውስጥ ዐቢይ ጾም ነበር፤ ፋሲካ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። በየቤቱ ለበዓል ይደውልልኛል ብሎ ስልክ የሚጠብቅ ቤተሰብ እንደነበረ ለመገመት ማስረጃ አያስፈልግም።

የአውሮፓ ምክር ቤት ጉባኤ ጉዳዩን አስመርምሮ በ2012 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሪፖርት አወጣ። መርማሪዋ የኔዘርላንድስ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ቲኒከ ስትሪክ ነበሩ። የሪፖርቱ ይዘት ሲጨመቅ፣ እያንዳንዱ አካል ሌላው ይሄድላቸዋል ብሎ ተወ የሚል ነው። ቦታው የሊቢያ የነፍስ አድን ክልል ነበር፤ ሊቢያ ደግሞ ጦርነት ላይ ስለነበረች የሚሄድላቸው አልነበራትም። ሮም መልእክቱን አስተላልፋ ነበር፤ ግን በስሟ ተጠርታ የታዘዘች አንዲትም መርከብ አልነበረችም። ሎንዶን የሚገኙ ተመራማሪዎች በበኩላቸው የነፋስና የሞገድ መዝገብ ይዘው ጀልባዋ በየሰዓቱ የት እንደነበረች መልሰው ሠሩት። ለፍለጋ የሚያገለግለው ስሌት እዚህ ጋ ለምስክርነት ዋለ።

በባሕር ላይ አደጋ የደረሰበትን ሰው ማዳን የካፒቴን በጎ ፈቃድ ብቻ አይደለም። ታይታኒክ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1912 ከሰጠመች በኋላ የተጻፈው የመርከብ ደኅንነት ስምምነት፣ በ1979 ሃምቡርግ የተፈረመው የፍለጋና ነፍስ አድን ስምምነት፣ የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ አንቀጽ 98፣ ሁሉም ያንኑ ይላሉ፤ የሰማ ካፒቴን መርከቡንና ሰዎቹን አደጋ ላይ እስካልጣለ ድረስ መሄድ አለበት። የሰውየው ዜግነት፣ ፓስፖርት ያለው መሆኑ ወይም ለምን ባሕር ላይ እንደተገኘ የሕጉ ጥያቄ አይደለም። ለቡሊሞርና ለ47ቱ ኢትዮጵያውያን የተጻፈው አንድ ሕግ ነው። በተግባር ግን አንዱ ዘንድ የጦር መርከብ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛ ሄደች፤ ሌሎቹ ዘንድ የጦር መርከብ ፎቶ አንስታ ዞረች። ይህን ጽፎ ዝም ብሎ ማለፍ ያስቸግራል።

በምሥራቁ መንገድ ነገሩ ይለያል። ከኦቦክ ወደ የመን የሚሻገሩት ጀልባዎች ብዙ ጊዜ የሳተላይት ስልክም፣ ምልክት አስተላላፊም የላቸውም። መሻገሪያው አጭር ስለሆነ አደጋው የሚደርሰው ከባሕሩ መሀል ብቻ ሳይሆን ከዳር አጠገብም ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ጎዶሪያ ከተባለው የጅቡቲ ዳርቻ ፊት ለፊት በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጀልባዎች ሰጥመዋል፤ በመጀመሪያው ብቻ 38 ሰዎች ሞቱ። እንዲህ ባለ ቦታ የሰው ዕድል ለጥቂት ሰዓት መንሳፈፍ መቻሉ ነው። አርሲ ውስጥ በየቤቱ ያለው ቢጫ የ20 ሊትር ጀሪካን ባዶ ሆኖ ክዳኑ ጠብቆ ከተዘጋ ወደ 20 ኪሎ የሚጠጋ ክብደት ያንሳፍፋል፤ ራሱን ከውሃ በላይ ለማቆየት ሰው የሚያስፈልገው ከዚያ በታች ነው። ዝዋይ ላይ ማለዳ በደንገል ታንኳ ብቻውን ወጥቶ ቆሮሶ የሚያጠምድ ሰው፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነስቶ ሐይቁ ሲናወጥ ይህ ጀሪካን በገመድ ከወገቡ ቢታሰር ብዙ ይጠቅመዋል።

ከ2003ቱ ጥፋት በኋላ የተወለደ አንድ ነገርም አለ። በጥቅምት 2007 ዓ.ም. በአውሮፓና በሰሜን አፍሪካ ያሉ በጎ ፈቃደኞች አላርም ፎን የተባለ የ24 ሰዓት የስልክ መስመር ከፈቱ። መርከብ የላቸውም። የሚሠሩት አባ ሙሴ ያን ቀን የሠሩትን ነው። ከጀልባ ሲደወል ስንት ሰው እንዳለ፣ ሞተሩ ይሠራ እንደሆነ፣ ውሃ እየገባ እንደሆነ ይጠይቃሉ፤ ከሁሉ በፊት ግን ስልኩ ላይ የሚታዩትን ሁለት የቦታ ቁጥሮች። ተራ የእጅ ስልክ መረብ በሌለበት ባሕር ላይ መደወል ባይችልም ቦታውን ከሳተላይት አንብቦ ያሳያል፤ ቁጥሮቹን ለማስተላለፍ የሳተላይት ስልክ ያስፈልጋል። ተቀባዩ ቁጥሮቹን ጽፎ ለባሕር ጠባቂው ይደውላል፤ መርከብ መታዘዙን ይጠይቃል። ካልታዘዘ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ደግሞ ይደውላል፤ የደወለበትንም ሰዓት ይመዘግባል።